ዊሊያም ባንቲንግ

ዊሊያም ባንቲንግ (1796 – ማርች 16 ቀን 1878 እ.ኤ.አ.) በለንደን ከተማ የኖረ እንግሊዛዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ነበር። ቤተሰቡ ለእንግሊዝ ነገሥታትና መሳፍንት ቀብር በማዘጋጀት የታወቀ ቢሆንም፣ ባንቲንግ ዛሬ የሚታወሰው በሙያው አይደለም። የሚታወሰው የራሱን ውፍረት እንዴት እንደቀነሰ በ1863 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ የሚል ርእስ ነበረው። ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች በመቀነስ ክብደትን መቆጣጠር ይቻላል የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ካሳወቁት ጽሑፎች መካከል የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትውልድና ሥራ

ባንቲንግ የተወለደው በ1796 መጨረሻ ገደማ ነው። የቤተሰቡ ድርጅት በለንደን ሴንት ጄምስ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ ይገኝ ነበር። በዘመኑ የሬሳ ሣጥን መሥራት፣ የቤት ዕቃ መሥራትና ቤት ማስዋብ ብዙ ጊዜ በአንድ ድርጅት የሚከናወኑ ሥራዎች ስለነበሩ የባንቲንግ ቤተሰብም ሁሉንም አጣምሮ ይሠራ ነበር።

ድርጅቱ ከንጉሣዊው ቤተሰብ የሥራ ፈቃድ ስለነበረው የንጉሥ ጆርጅ 3ኛን (1820) እና የንጉሥ ጆርጅ 4ኛን (1830) ቀብር አዘጋጅቷል። በ1852 የዌሊንግተን መስፍን በታላቅ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ሲቀበር፣ በ1861 ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ሲሞት ሥራው የተሰጠው ለዚሁ ድርጅት ነበር። ባንቲንግ ከሞተ በኋላም ቤተሰቡ በሥራው ቀጥሎ በ1901 የንግሥት ቪክቶሪያን ቀብር አዘጋጅቷል። ንጉሣዊው ፈቃድ ያበቃው በ1928 ነው።

ባንቲንግ በዚህ ሥራ የተሳካለት፣ ሀብትና ክብር ያለው ሰው ነበር። ሰነፍ ወይም ሆዳም የሚባል ሰው እንዳልነበረ፣ ለብዙ ዓመታት ማልዶ እየተነሣ በትጋት ይሠራ እንደነበር ጽፏል። በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ወፍራም ሰው አልነበረም። ስለዚህ ገና በ30ዎቹ ዕድሜው መወፈር ሲጀምር ምክንያቱ ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም።

ከውፍረት ጋር ያደረገው ትግል

ባንቲንግ ስለ ውፍረቱ በመጀመሪያ ያማከረው ወዳጁ የሆነ አንድ ቀዶ ሐኪም ነበር። ሐኪሙም የዕለት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሰውነቱን በጉልበት ሥራ እንዲያደክም መከረው። ባንቲንግ ቤቱ ለወንዝ ቅርብ ስለነበረ በየማለዳው ለሁለት ሰዓት ያህል ከባድ ጀልባ መቅዘፍ ጀመረ። ጡንቻው ጠነከረ፣ ነገር ግን የምግብ ፍላጎቱም በዚያው ልክ ጨመረ። ያሰኘውን እየበላ ስለቀጠለ ክብደቱ ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ፤ በመጨረሻም ያው ወዳጁ ቀዘፋውን እንዲተው መከረው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የዘመኑ ሕክምና የሚያዝዘውን ሁሉ ሞክሯል። ፈረስ ጋለበ፤ ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደ፤ በሌሚንግተን፣ በቼልተናምና በሃሮጌት ያሉትን የታወቁ ጠበሎች ጠጣ፤ ብዙ ዓይነት መድኃኒት ወሰደ፤ በእንፋሎት ታጠበ፤ በቱርክ መታጠቢያ ቤቶችም ደጋግሞ ላበ። ምግቡንም ቀንሶ ለመኖር ሞክሯል። በ20 ዓመት ውስጥ 20 ጊዜ ያህል ለዚሁ ጉዳይ በሐኪሞች እጅ እንደገባ ጽፏል። ከእነዚህ ሁሉ ያገኘው ውጤት ጥቂትና የማይዘልቅ ነበር።

በ1862 ባንቲንግ 66 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 202 ፓውንድ ወይም 91.6 ኪሎ ግራም ነበር። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አይችልም ነበር። ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ክብደቱን እንዳይሸከሙ በመፍራት ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ዞሮ ቀስ እያለ ነበር። ትንሽ ሲንቀሳቀስ ትንፋሽ ያጥረው፣ እምብርቱ አካባቢ በነበረበት የሆድ ዕቃ መውጣት ሕመም ምክንያትም በመቀነት ይታሰር ነበር። ዓይኑና ጆሮውም እየደከሙ ሄዱ። ከዚህ ሁሉ በላይ በመንገድ፣ በሕዝብ ሠረገላና ሰው በተሰበሰበበት ቦታ የሚደርስበት ፌዝ ስለከበደው ከሰው መቀላቀልን መሸሽ ጀምሮ ነበር።

ከዊሊያም ሃርቪ ጋር መገናኘት

ባንቲንግ መፍትሔ ያገኘው ስለ ውፍረቱ ሳይሆን ስለ ጆሮው ሐኪም ፍለጋ በሄደ ጊዜ ነው። በኦገስት 1862 የመስማት ችግሩ ስለባሰበት ወደ አንድ የታወቀ የጆሮ ሐኪም ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን የረባ እርዳታ አላገኘም። ያ ሐኪም ለዓመት ዕረፍት ከከተማ በወጣ ጊዜ ባንቲንግ ሌላ የጆሮ ሐኪም ለመፈለግ ተገደደ። ያገኘውም ዊሊያም ሃርቪን ነበር። ይህ ሃርቪ በ17ኛው መቶ ዘመን የደምን ዝውውር ካስረዳው ሐኪም ጋር የስም ተመሳሳይነት ብቻ ያለው ሌላ ሰው ነው።

ሃርቪ ከዚህ ቀደም ወደ ፓሪስ ሄዶ ታላቁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክሎድ ቤርናር ስለ ጉበትና ስለ ስኳር በሽታ የሰጠውን ትምህርት ተከታትሎ ነበር። ቤርናር ጉበት ከሐሞት ሌላ ስኳር አምርቶ ወደ ደም እንደሚለቅ ያሳየ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳርና ስታርች ትቶ ሥጋ ሲበላ በሽንቱ ውስጥ የሚወጣው ስኳር እንደሚቀንስ ይታወቅ ነበር። የእርሻ እንስሳትን ለማድለብ የሚሰጣቸውም ስኳርና ስታርች የበዛበት መኖ መሆኑን ሃርቪ አስተዋለ። ሁለቱን ነገሮች አገናኝቶ ሲያስብ፣ ለስኳር በሽተኛ የሚሰጠው ምግብ ያለ ልክ ለወፈረ ሰውም ሊጠቅም ይችላል የሚል ግምት ላይ ደረሰ። ባንቲንግን ሲመረምርም ጆሮውን የደፈነው የስብ ብዛት ሊሆን እንደሚችል ነግሮት አዲስ አመጋገብ አዘዘለት።

አመጋገቡ

ሃርቪ ባንቲንግ እንዲተዋቸው ያዘዛቸው ምግቦች ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ነበሩ። እነዚህ ባንቲንግ በየቀኑ አብዝቶ የሚመገባቸውና ምንም ጉዳት የላቸውም ብሎ የሚያስባቸው ነገሮች ነበሩ። በአዲሱ ትእዛዝ መሠረት በቀን አራት ጊዜ ይመገብ ጀመር።

ለቁርስ ከ110 እስከ 140 ግራም የሚደርስ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ፣ ኩላሊት ወይም የተጠበሰ ዓሣ፣ ከዚያም ወተትና ስኳር የሌለበት ትልቅ ሲኒ ሻይና 28 ግራም ያህል ደረቅ የተጠበሰ ዳቦ ይወስድ ነበር። ለምሳ ከ140 እስከ 170 ግራም ዓሣ ወይም ሥጋ፣ ከድንች በስተቀር ማንኛውም አትክልት፣ ጥቂት ፍራፍሬና ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ ጣፋጭ ያልሆነ ወይን ተፈቅዶለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፍራፍሬ፣ አንድ ወይም ሁለት ደረቅ ብስኩትና ሻይ ያገኛል። ለራት እንደገና ከ85 እስከ 110 ግራም ሥጋ ወይም ዓሣ ከአንድ ወይም ሁለት ብርጭቆ ወይን ጋር ይቀርብለታል። ከመኝታ በፊትም ካሰኘው ስኳር የሌለው መጠጥ ተፈቅዶለታል። የአሳማ ሥጋ፣ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ፣ ሻምፓኝና ፖርት የሚባለው ጣፋጭ ወይን ግን ተከልክለዋል።

ባንቲንግ ክብደቱን ከኦገስት 26 ቀን 1862 ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ እየተመዘነ ይመዘግብ ነበር። በሴፕቴምበር 1863 ክብደቱ 156 ፓውንድ ወይም 70.8 ኪሎ ግራም ደርሶ ነበር። ይህም በአንድ ዓመት 46 ፓውንድ ወይም 21 ኪሎ ግራም ያህል መቀነሱን ያሳያል። የወገቡ ዙሪያም በ31 ሴንቲ ሜትር ጠበበ። ደረጃውን እንደ ማንኛውም ሰው ፊቱን አዙሮ መውረድ ቻለ፤ የጫማውን ማሰሪያ ራሱ ማሰር ጀመረ፤ የመስማት ችሎታውም ተሻሻለ።

ደብዳቤው

ባንቲንግ ያገኘውን ጤንነት ለሌሎች ማካፈል እንደ ግዴታ ቆጠረው። መጀመሪያ ታሪኩን ለአንድ የሕክምና መጽሔት መላክ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሐኪም ያልሆነን ሰው ጽሑፍ ማንም እንደማይቀበል ስለገመተ ሐሳቡን ተወ። በሜይ 1863 ደብዳቤውን በራሱ ወጪ አሳትሞ በነጻ አደለ። የመጀመሪያው እትም ወዲያው ስላለቀ ሁለተኛ እትምም በነጻ ታደለ። ፍላጎቱ እየበዛ ሲሄድ ሦስተኛው እትም በትንሽ ዋጋ ለሽያጭ ቀረበ፤ ባንቲንግም በዚህ ጉዳይ ይነግዳል እንዳይባል ትርፉን ለበጎ አድራጎት ሰጠ፤ ሂሳቡንም ለአንባቢዎቹ አሳወቀ። አራተኛው እትም በ1869 ወጣ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በብሪታንያ ብቻ ከ60,000 ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል። መጽሐፉ ወደ ጀርመንኛና ወደ ፈረንሳይኛ ጭምር ተተርጉሟል።

መጽሐፉ ተወዳጅ የሆነው ስለ ምግብ በያዘው ዝርዝር ብቻ አልነበረም። ባንቲንግ ውፍረትን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ኃጢአት ሳይሆን መፍትሔ ሊገኝለት እንደሚገባ ሕመም አድርጎ ጽፎታል። ያፈረበትን፣ የተሳሳተበትንና ያልተሳካለትን ሁሉ ሳይደብቅ ስለዘረዘረ ተመሳሳይ ችግር የነበረባቸው ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ አገኙበት። ከተለያዩ ቦታዎች ብዙ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈውለታል።

ሆኖም ሐሳቡ ከእርሱ በፊት አልነበረም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ዣን አንተልም ብሪያ ሳቫረን በ1825 ስለ ጣዕም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ዱቄትና ስታርች ያለበት ምግብ ሰውን እንደሚያወፍር አስረድቶ ነበር። ባንቲንግም አመጋገቡን የፈጠረው እርሱ እንዳልሆነ፣ ምስጋናው ለሃርቪ እንደሚገባ ደጋግሞ ተናግሯል።

የሐኪሞች ተቃውሞ

መጽሐፉ በሕዝብ ዘንድ ሲወደድ ከብዙ ሐኪሞች ግን ተቃውሞ ገጠመው። ላንሴት የተባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት ባንቲንግን አጥብቆ ነቅፎታል። አንዳንዶቹ ሐኪም ያልሆነ ሰው በሕክምና ጉዳይ ገብቶ መምከሩን ተቃወሙ። ሌሎች ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሌሎች ደግሞ ሥጋ የበዛበት ምግብ ጤናን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ሃርቪ ራሱም ከሙያ ባልደረቦቹ ወቀሳ ደርሶበታል። በ1872 ውፍረት ከበሽታ ጋር ስላለው ግንኙነት የራሱን መጽሐፍ አሳትሞ ሐሳቡን አብራርቷል።

ከተቃውሞዎቹ መካከል አንዱ ጠንካራ መሠረት ነበረው። ባንቲንግ ያቀረበው የአንድ ሰው፣ ያውም የራሱን ልምድ ነው። ለእርሱ የሠራ ነገር ለሌላው ሁሉ ይሠራል ማለት እንደማይቻል ባንቲንግም ያውቅ ነበር፤ አንባቢዎቹ አመጋገቡን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም እንዲያማክሩ መክሯል።

በጀርመን አገር ግን አቀባበሉ የተለየ ነበር። በቲቢንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐኪም ፌሊክስ ፎን ኒማየር አመጋገቡን ተቀብሎ ስቡ የተወገደ ሥጋ ብቻ እንዲበላ በማድረግ አሻሻለው። ከዚያ በኋላ ቪልሄልም ኤብሽታይን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሐኪም በተቃራኒው ስብ የምግብ ፍላጎትን ስለሚያጠግብ መከልከል እንደሌለበት አስተማረ። ስብ ይቀነስ ወይስ ካርቦሃይድሬት የሚለው ክርክር ከዚያ ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ታሪኩ ከዛሬው እውቀት አንጻር

ባንቲንግ በኖረበት ዘመን በምግብ ውስጥ ያለውን ኃይል በካሎሪ መለካት ገና የተለመደ አልነበረም። አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ሰው የሚያቃጥለውን ኃይል በልዩ ክፍል ውስጥ መለካት የጀመረው በ1890ዎቹ ነው። ስለዚህ ባንቲንግ የለወጠው የምግቡን ዓይነት ብቻ እንደሆነ ያምን ነበር። የዝርዝሩ ልክ ግን መጠኑም ውስን እንደነበረ ያሳያል፤ ቀድሞ ይወስደው የነበረው ዳቦ፣ ስኳር፣ ወተትና ቢራ ሲቀር የሚያገኘው ኃይል በብዙ እንደቀነሰ መገመት አያዳግትም። ሥጋና ዓሣ ደግሞ ፕሮቲን የበዛባቸው ስለሆኑ ከሌላው ምግብ የበለጠ ያጠግባሉ።

በጀልባ ቀዘፋው የደረሰበትም ነገር ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ሰውነት የኃይሉን ክምችት ለመጠበቅ የሚያስችሉ ብዙ መንገዶች አሉት። በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ ምን ያህል ስብ እንደተከማቸ ለአንጎል ያሳውቃል። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍልም ረሃብን ይጨምራል፣ ሰውነት የሚያቃጥለውንም ኃይል ይቆጥባል። በዚህ ምክንያት የአካል እንቅስቃሴ ለልብና ለጡንቻ በጣም የሚጠቅም፣ የቀነሰ ክብደትም ተመልሶ እንዳይመጣ የሚረዳ ቢሆንም፣ አመጋገብ ሳይለወጥ ብቻውን የሚቀንሰው ክብደት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው።

ይህ የሰውነት መከላከያ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ በ1944 እና በ1945 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ ባካሄደው ጥናት ታይቷል። 36 ጤነኛ ወጣቶች ለስድስት ወር ምግባቸው ሲቀነስ የሰውነታቸውን ክብደት ሩብ ያህል አጡ። የሰውነታቸው የኃይል አጠቃቀም በጣም ወረደ፤ ሐሳባቸውም ሁሉ ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። ባንቲንግ ግን በዓመት 21 ኪሎ ግራም፣ ማለትም በሳምንት 400 ግራም ያህል ብቻ መቀነሱ፣ በቀን አራት ጊዜ መመገቡና እንዳልተራበ መጻፉ አመጋገቡን ለረጅም ጊዜ ለመያዝ የቻለበትን ምክንያት በከፊል ያስረዳል።

የሃርቪ ግምትም ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ስኳርና ስታርች ሲበሉ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን የስብ ሕዋሳት ስባቸውን እንዳይለቁ ያደርጋል። ነገር ግን ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ለሁሉም ሰው ከሌላው መንገድ የተሻለ መሆኑን ዘመናዊ ጥናቶች አላረጋገጡም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2018 በታተመ ጥናት 609 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ ግራም፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት ደግሞ 6 ኪሎ ግራም ቀንሰዋል፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በአንጻሩ በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ በሰውና በሰው መካከል የታየው ልዩነት ሰፊ ነበር። ባንቲንግ በየቀኑ ይጠጣ የነበረውን የወይን መጠንም ዛሬ የሚያዝዝ ሐኪም አይገኝም።

የመጨረሻ ዓመታት

ባንቲንግ ከ1863 በኋላ አመጋገቡን አልተወም። ክብደቱ ጨምሮ ባየ ጊዜ ስኳር፣ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ምን ያህል እንደወሰደ ተመልሶ ይመረምርና ያስተካክል ነበር። በ1869 ባወጣው እትም ጤንነቱ እንደተጠበቀና የቀድሞው ውፍረት እንዳልተመለሰበት ገልጿል። ክብደት ከቀነሱ ሰዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ነበሩበት ስለሚመለሱ፣ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ክፍል ልዩ ትኩረት ይሰጠዋል።

ባንቲንግ በለንደን ኬንዚንግተን በሚገኘው ቤቱ ማርች 16 ቀን 1878 በ81 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረውም በብሮምፕተን መካነ መቃብር ነው።

ስሙ በቋንቋ ውስጥ

ባንቲንግ ገና በሕይወት እያለ ስሙ በእንግሊዝኛ ግስ ሆኖ ባንት ማድረግ ማለት በምግብ ክብደትን መቀነስ ማለት ሆነ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ከጊዜ በኋላ እየተረሳ ቢሄድም፣ በስዊድንኛ ግን ባንታ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ለመክሳት መመገብን መቀነስ የሚል ትርጉም ይዞ በየቀኑ ይነገራል። በደቡብ አፍሪካም ከ2013 ወዲህ ካርቦሃይድሬት የቀነሰና ስብ የበዛበት አመጋገብ ባንቲንግ በሚል ስም ተስፋፍቷል። ይህ አመጋገብ ግን ስብን የሚያበዛ ስለሆነ ቅቤ ተከልክሎበት ከነበረው ከጥንቱ የባንቲንግ ዝርዝር ይለያል።

ዊሊያም ባንቲንግ በ1921 በቶሮንቶ ኢንሱሊንን ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ ከሆነው ከካናዳዊው ፍሬዴሪክ ባንቲንግ ጋር መምታታት የለበትም። ሁለቱ ሩቅ ዘመዳሞች እንደሆኑ ይነገራል።